ባለምርቃት ካርድ

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉ ሰፈሮች ከሚሰሙት የአማርኛ ማስታወቂያዎች መካከል ሰሞኑን ጆሮዬን የሚጎረብጠው አንድ ሐረግ አለ፤ «የጉዞ ሽልማት ክሬዲት ካርድ»። መጀመሪያ የቸኮለ ተርጓሚ ያመለጠው መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሰዉም «የሽልማት ካርድ አወጣሁ»፣ «ሽልማቴ ሞላልኝ» ማለት ጀምሯል። ዝም ከተባለ ሥር ይሰዳል፤ ሥር ከሰደደ ደግሞ ለመንቀል ማን አቅም አለው?

ነገሩን አንባቢ በግማሽም ቢሆን ያውቀዋል። ባንኩ ካርድ ይሰጣል፤ በካርዱ በገዙ ቁጥር ነጥብ ወይም ማይል ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው በአውሮፕላን ትኬት ወይም በሆቴል አዳር ይለወጣል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 የመንገደኞቹን ማይል መቁጠር ሲጀምር (ሌላ ካላልኩ ዘመኑ የፈረንጅ ነው) ዩናይትድ በቀናት ልዩነት ተከተለው፤ ባንኮችም ብዙ ሳይቆዩ ገቡበት። ለነገሩ ይህ ይበቃዋል፤ የኔ ጠብ ከስሙ ጋር ነው።

ሽልማት የሚሸለም ሰው ይፈልጋል። ሯጭ ይሸለማል፣ ጎበዝ ተማሪ ይሸለማል፣ ጀግና ካባ ይሸለም ነበር። ሸለመ ማለት ማስጌጥም ነው፤ ቤቱ በአበባ ተሸለመ እንላለን። ስለዚህ ሽልማት ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ብልጫ፣ ሌላው ክብር። ቤንዚን ቀድቶ ሂሳብ የከፈለ ሰው ማንን በለጠ? ቃሉ ሌላም ጣጣ አለው። በእኛ ጆሮ ሽልማትና ዕጣ ጎረቤት ናቸው። አንዲት ጎረቤቴ፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ከባንክ የመጣላቸውን ደብዳቤ የልጅ ልጃቸው «የሽልማት ካርድ ነው» ብሎ ቢያነብላቸው ይዘውት እኔ ዘንድ መጡ። «ልጄ፣ እስቲ እየው፤ ስንት ደረሰኝ?» አሉኝ። የደረሳቸው የ95 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ነበር። ልጁ አልዋሸም፤ መዝገበ ቃላቱ የሚለውን ነው ያነበበው።

ታዲያ ምን እንበለው? «ማበረታቻ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ባንኩ የሚፈልገው እንድናወጣ ማበረታታት ነው፤ ግን ቃሉ ከቢሮ ደብዳቤ አልወጣም፣ የደመወዝ ጭማሪ ይሸታል። «ወሮታ» የሚሉም አሉ፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ ልቤ ሸፍቶለት ነበር። መልከ መልካም ቃል ነው፤ ቦርሳ የጠፋበት ሰው «ላገኘልኝ ወሮታ ከፋይ ነኝ» ብሎ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ዛሬም አለ። ችግሩ፣ ወሮታ የሚከፈለው ለውለታ ነው። እኛ በካርዱ ጫማ ስንገዛ ለባንኩ ውለታ የዋልን ከሆነ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

«ጉርሻ»ስ? ይህን ቃል መጣል አልፈልግም፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። አዲስ ካርድ ሲወጣ ባንኩ «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይህን ያህል ሺህ ዶላር ካወጡ» ብሎ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ብዙ አስር ሺህ ነጥብ አለ። ያ ጉርሻ ነው፤ ጠቅልሎ አንድ ጊዜ፣ ገና ማዕዱ ላይ እንደተቀመጡ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚለው ልማዳችን ግን እዚያ አይሠራም። አሜሪካን ኤክስፕረስ ለአንድ ዓይነት ካርድ ጉርሻውን በመሠረቱ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቼዝ ባንክም በ24 ወራት ውስጥ አምስትና ከዚያ በላይ ካርድ ያወጣን አመልካች ብዙውን ጊዜ ይመልሳል። በየቀኑ ግዢ ጠብ ጠብ የምትለዋን ነጥብ ግን ጉርሻ ማለት አይቻልም፤ አፍ አትሞላም።

እኔ የምሟገትለት ቃል አዲስ አይደለም። ገበያ ውሏል፣ ዛሬም ገበያ ነው። ሻጯ ድንቹን በሚዛን ለክታ ዘንቢሉ ውስጥ ከገለበጠች በኋላ ገዢዋ «በይ እንግዲህ መርቂ» ትላለች። ሻጯ ፊቷን አኮሳትራ «ኧረ አያዋጣኝም» እያለች ሦስት ድንች ትጨምርላታለች፤ ከሦስቱ አንዷ ብዙ ጊዜ የተቀጠቀጠች ናት። ይህች ጭማሪ ስሟ ምርቃት ነው። መረቀ ብዙ የወለደ ግሥ ነው፤ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ተማሪ ይመረቃል፣ ድልድይ ይመረቃል፣ ጫት የቃመው እንኳ «መርቅኗል» ይባላል። የገበያው ምርቃት ግን ከሁሉም ይልቅ ለካርዱ የተሰፋ ነው። ከሚዛን በኋላ ይመጣል እንጂ በፊት አይመጣም። የሚሰጠው በገዙት ልክ ነው፤ ሩብ ኪሎ ገዝቶ ሦስት ድንች የሚጠብቅ የለም። ዓላማው ደንበኛ ማሰር ነው። ደግሞም ለምርቃቱ ብሎ ድንች የሚገዛ ሰው አላየሁም፤ ለነጥብ ብሎ የማያስፈልገውን ቴሌቪዥን የሚገዛ ግን አይቻለሁ። ካርዱን ሽልማት ስንለው ነው እንዲህ ያለ ሰው የሚበረክተው።

አንድ ባልደረባዬ «ባንክ ከመቼ ወዲህ ነው መራቂ የሆነው?» ብሎ ይሞግተኛል። ምርቃት ከቸርነት ነው፣ ባንክ ደግሞ ቸር አይደለም ነው ነገሩ። እኔ ሻጯም በቸርነት ነው የጨመረችው ብዬ አላውቅም፤ ሦስቱን ድንች ዋጋው ላይ አስባቸዋለች። የካርዱ ስሌትም ያው ነው። አንድ ምግብ ቤት በካርድ የ100 ዶላር ሂሳብ ሲቀበል ከ2 እስከ 3 ዶላር የሚሆነው በክፍያ ስም ይቀነስበታል፤ ነጥቡ በአመዛኙ ከዚያ ነው የሚወጣው። ልዩነቱ፣ በካርዱ ጊዜ ድንቹን የሚጨምረው ሻጩ ሆኖ ምስጋናውን የሚወስደው ባንኩ መሆኑ ነው። በዋሽንግተን እንጀራ ቤትና ታክሲ ያላቸው ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ከባልደረባዬ የበለጠ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። «የምርቃት ካርድ» ካልን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ የሚበትነው የጥሪ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ «የ»ን ትቼ «ባለ»ን አነሣሁ፤ ባለምርቃት ካርድ። «ባለ» የዋዛ ቅጥያ አይደለችም፤ ባለሱቅ፣ ባለሙያ፣ ባለጎማ፣ ምን ያላስያዝናት አለ?

ክሬዲት የሚለውን ቃል ለማባረር አልነሣም፤ ሰው ለምዶታል። ሆኖም ከጎኑ «የዱቤ ካርድ» ቢቆም እወዳለሁ፣ ምክንያቱም አማርኛ እዚህ ላይ እንግሊዝኛው አጠቃልሎ ያለፈውን ለይቶ ያያል። ዱቤ ማለት ዛሬ ወስዶ ወር ሲደርስ የወሰዱትን ያህል መክፈል ነው፤ ወለድ የለውም፣ ባለሱቁ «ዱቤ ለዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ብሎ ይለጥፍ እንጂ። ብድር ወለድ አለው። ከብድር ወዲያ ደግሞ አራጣ አለ። ካርዱ ሦስቱም ነው። ሂሳቡን በቀኑ ሙሉ በሙሉ የከፈለ በዱቤ ገዛ፤ ያሳደረ ተበደረ፤ ወለዱ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ መሆኑን ሲያይ ደግሞ ሦስተኛው ቃል ይመጣለታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተበዳሪና አበዳሪ ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክል ነበር። ለሚያሳድር ሰው ምርቃቱ ወለዱን አይሸፍንም፤ እሱ ስለ ማይል ባያስብ ይሻለዋል።

ማይል ካልኩ አይቀር፣ «ማይልሶቼ» በሚለው የሚያፌዙ ሰዎች ትንሽ ቢታገሡ። እንግሊዝኛው አብዝቶ የሰጠንን እኛ እንደገና አበዛነው፣ ልክ ነው፤ ግን «መላእክቶች» እና «ሕፃናቶች» የሚል ሕዝብ በግእዙ ያላፈረውን በእንግሊዝኛ ለምን ያፍራል? እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የአየር መንገዳችን የደንበኞች መርሐ ግብር «ሼባ ማይልስ» ይባላል። ንግሥቲቱ በአገሯ ሳባ ናት። በፈረንጅ አፍ ተጠርታ ስትመለስ ሼባ ሆነች፤ ሼባ ደግሞ በከተማው ቋንቋ ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ነው። «ሳባ ማይል» ቢባል ምን ይጎድል ነበር?

«ሽልማትዎን ይቤዡ» የሚለውን ግን አልታገሥም። ቤዛ በሌላው ፈንታ ራሱን የሰጠ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚውል ቃል ነው፣ ልጆቻችንን የምንሰይምበት ነው። ነጥብ አይቤዥም። ነጥብ ይመነዘራል። ይህን ቃል ያነሣሁት ስለተመቸ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ምንዛሪ ነው። ነጥብ የራሱ ገበያ ያለው ገንዘብ ነው፣ ዋጋውም ይወድቃል። ዩናይትድ በ2019 ለየትኛው በረራ ስንት ማይል እንደሚያስፈልግ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ማውጣት አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋው እንደ ቀኑ ነው። በ2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ያየ ኢትዮጵያዊ ነጥብ አጠራቅሞ ዓመታት ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ «ምንዛሪ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ካርዱን መምረጥ ያን ያህል አያስቸግርም፤ «ባለ» ራሷ ትለያቸዋለች። ባለተመላሽ ካርድ ከከፈሉት ላይ ጥቂት በመቶ በገንዘብ ይመልሳል፤ የማይጓዝ ሰው ከዚህ አይለፍ። ባለማይል ካርድ ከአንድ አየር መንገድ ጋር የታሰረ ነው። ባለነጥብ ካርድ የባንኩን ነጥብ ይሰጥና ወደፈለጉት አጋር አየር መንገድ ያዛውራል። ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው የኔ ምክር ይህ ሦስተኛው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ስታር አላያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ የዩናይትድ ወይም የካናዳው አየር መንገድ «ኤሮፕላን» መርሐ ግብር ማይል ያለው ሰው በእኛ አውሮፕላን ወንበር መያዝ ይችላል፤ የቼዝ ነጥብ ደግሞ ወደ ሁለቱም አንድ ለአንድ ይዛወራል። ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር የሆነው የቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ ካርድ ለዚህ ይበቃል። ታላቅ ወንድሙ ሪዘርቭ በ2016 ሲወጣ ዓመታዊ ክፍያው 450 ዶላር ነበር፤ በ2025 ግን 795 ዶላር ገብቷል፤ ዓመት ሙሉ አየር ላይ የሚኖር ነጋዴ ካልሆኑ ምርቃቱን በእጥፍ መግዛት ነው።

ስለ «ማዛወር» አንድ ነገር ይቀረኛል። ቃሉ ከባንክ የመጣ ስለሆነ ሰው እንደ ባንክ ሂሳብ መልሶ ማምጣት የሚችል ይመስለዋል። አይችልም፤ ነጥብ አንዴ ማይል ከሆነ ወደ ነጥብነት አይመለስም። ለገናና ለጥምቀት፣ እንዲሁም ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በማይል የሚገኝ ወንበር እንደ ልብ አይደለም፤ ግብሩና ልዩ ልዩ ክፍያውም በገንዘብ ይከፈላል። ወንበሩን አስቀድመው በስልክም ሆነ በድረ ገጹ ያረጋግጡ፣ ከዚያ ያዛውሩ።