ደወሌ ላይ የማይፈተሸው ሰማይ

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በባቡር የሄደ ሰው ደወሌን ያውቃታል። በእኛ በኩል የመጨረሻዋ ጣቢያ ናት። ሙቀት፣ አቧራ፣ ጉምሩክ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ ከገባበት ከ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ወዲህ በዚህ ያለፈ ሁሉ ሲፈተሽ ኖሯል፤ ቡናው፣ ጫቱ፣ ሰልባጁ፣ ተሳፋሪው። የማይፈተሸው ሰማዩ ብቻ ነው።

ስለ ሰማዩ ማውራቴ ያለ ነገር አይደለም። ከደወሌ ማዶ፣ ጅቡቲ ውስጥ፣ የፈረንሳይ ሌጌዎን ሰፈር የነበረው ካምፕ ሌሞኒየር አለ። ከመስከረም አንዱ የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ አሜሪካኖች ገቡበት። ኖቬምበር 3 ቀን 2002 ከጅቡቲ የተነሳ ፕሬዳተር የሚባል ሰው አልባ አውሮፕላን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ማሪብ ውስጥ አንድ መኪና መታ። ዒላማው በአልቃይዳነት የሚፈለገው ቃኢድ ሳሊም ሲናን አል-ሃሪቲ ነበር። ስድስት ሰው ሞተ፤ አንዱ አሜሪካዊ ዜጋ ነበር። ከአፍጋኒስታን ውጭ የታወቀው የመጀመሪያው የድሮን ግድያ ይህ ነው። የተጀመረው በጎረቤታችን ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ድሮን ሲባል ሚሳይል ይታየናል። ሲፈጠር ግን ሚሳይል አልነበረውም። አባቱ ባግዳድ ተወልዶ እስራኤል ያደገው፣ በኋላም አሜሪካ የተሰደደው ኢንጂነር አብርሃም ካረም ነው። ሥራውን የጀመረው ሎስ አንጀለስ፣ ጋራዡ ውስጥ ነበር። ጥያቄው ደግሞ «እንዴት ይፍጠን?» ሳይሆን «እንዴት ብዙ ይቆይ?» የሚል ነው። ክንፉን ረጅምና ቀጭን አደረገው፤ እንዲህ ያለ ክንፍ በትንሽ ጉልበት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ ሥራ የተወለደው ፕሬዳተር በ1994 በረረ። ሞተሩ 115 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከአንድ ኮሮላ ብዙም አይለይም። መዘውሩ ከኋላ ስለሆነ አፍንጫው ለሳተላይት አንቴና ተረፈ። ፍጥነቱ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም 24 ሰዓት አይወርድም። አብራሪ ይደክመዋል፤ እሱ ግን አብራሪዎቹ መሬት ላይ በፈረቃ ይቀያየሩለታል። በ1995 ቦስኒያ ላይ ለስለላ ዋለ። ሚሳይል የተሞከረበት በ2001 ነው። መጀመሪያ ዓይን ነበር፤ ጥፍሩ በኋላ በቀለ።

አብራሪው ኔቫዳ ተቀምጦ በሳተላይት ይነዳዋል ይባላል፤ እውነት ነው። ችግሩ በሳተላይት ሲነዳ ትእዛዙ ትንሽ ይዘገያል። አየር ላይ ምንም አይደለም፤ ሲያርፍ ግን አደጋ ነው። ስለዚህ የሚያስነሳውና የሚያሳርፈው ቡድን ሜዳው ዳር መኖር አለበት። ሜዳው ደግሞ ለሚሰለለው አገር ቅርብ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ጅቡቲ የተፈለገችው ለዚህ ነው። ግን ነገሩ ጣጣም አለው። በ2011 አንድ ፕሬዳተር ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ሰው ከሚኖርበት ሰፈር አጠገብ ወደቀ። ሌሎችም ወደቁ። ሜዳውን ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር ስለሚጋሩት የጅቡቲ ሰዎች ሰጉ። በ2013 ድሮኖቹ ከከተማው ወጣ ወዳለው ሻቤሌ ሜዳ ተዛወሩ።

«ጅቡቲ ናት፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ አርባ ምንጭን ላስታውሰው። አዞውንና ዓሣውን እናውቃለን፤ ሪፐር የተባለው የፕሬዳተር ታላቅ ወንድም ከዚያው ሜዳ እየተነሳ ሶማሊያን ሲሰልል እንደነበር የሰማነው ግን በኦክቶበር 2011 ከዋሽንግተን ፖስት ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል በረራው እንዳለ አምኖ መሣሪያ አልታጠቁም አለ። በጃንዋሪ 2016 ደግሞ ማብቃቱ ተነገረ። ጋዜጠኝነት ተምሬ ነውና ይህ ነገር ያመኛል። አርባ ምንጭ ላይ የሚነሳን አውሮፕላን ዜና ዋሽንግተን ድረስ ሄደን ነው የለቀምነው።

ከዚያ ተራው የራሳችን ሆነ። በሰሜኑ ጦርነት መንግሥት ድሮኖች ታጠቀ። ከነሱ አንዱ የቱርኩ ባይራክታር ነው፤ 12 ሜትር ክንፍ፣ እስከ 27 ሰዓት ቆይታ። የካረም ሐሳብ በርካሽ ዋጋ መጣ ማለት ይቻላል። ጃንዋሪ 7 ቀን 2022 ትግራይ፣ ደደቢት ውስጥ የተፈናቃዮች መጠለያ ተመታ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ቢያንስ 59 ሰው መሞቱን ተናገረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የቦምቡን ስብርባሪ አይቶ በባይራክታር ላይ የሚጫን የቱርክ ሥሪት ነው አለ።

እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። ይህ መሣሪያ የሚሞገሰው ረጋ ብሎ፣ ደጋግሞ አይቶ፣ አጣርቶ ይመታል ተብሎ ነው። ደደቢት ግን በአንድ ሌሊት የበቀለ መጠለያ አልነበረም። እናቶችና ልጆች ነበሩበት። ሃያ ሰባት ሰዓት ማየት የሚችል ዓይን ይህን ካላየ፣ ረጅም ማየት ማወቅ አይደለም። አይቶ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የባሰ ነው። ሁለቱንም የሚመልሰው ካሜራው ሳይሆን ካሜራውን የላከው ሰው ነው፤ እሱን የሚጠይቅ ፓርላማ፣ ፍርድ ቤትና ጋዜጣ ያስፈልጋል።

ደወሌ ላይ አንድ ኩንታል ስኳር ይዞ የሚያልፍ ሰው ወረቀት ይጠየቃል። በላይ የሚያልፈውንስ ማን ይጠይቀው?