ነጎድጓድና የመተማ በር

በድሮ ዘመን የጎንደር ነጋዴ ትርፉን የሚያውቀው ጎንደር ላይ ሳለ አልነበረም። ቡናውን፣ ሰሙን፣ ዝባዱን በአጋሰስ ጭኖ፣ ጭልጋን አልፎ ወደ ቆላው ወርዶ መተማ ሲደርስ ነበር ዕድሉ የሚቆረጥለት። መተማ በር ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተክሩር ሼሆች ያስተዳድሯት ነበር፤ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ገዥዎች እየገበሩ፣ ከደጋውም ከሱዳንም የሚመጣውን ነጋዴ እየቀረጡ ኖረዋል። ባለ ዕቃና ባለ በር ሲገናኙ ማን እንደሚያተርፍ የዚያ ዘመን ነጋዴ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ይህን ማንሳቴ ስለ ንግድ ልጽፍ አይደለም፤ ስለ አንድ የፊልም ድርጅት ነው። ድርጅቱ የተከለው ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ግን ጎንደሬ ናቸው። ስሙም የእኛ ነው፦ ነጎድጓድ ፕሮዳክሽን። ታሪኩን ሳነበው ደጋግሞ የመጣብኝ ያ የመተማ በር ነው፤ በሁለት ምክንያት። ሁለተኛውን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለነበሩት የጎንደር አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘውን መጽሐፍ የጻፉት ደራሲ ናቸው፤ ተውኔትም ይጽፉ፣ በየገጠሩ እየተዘዋወሩም ያሳዩ ነበር። ይህ የኋለኛው ነገር ቀላል አይደለም። ልጁ ገና በልጅነቱ ያየው ተውኔት ተመልካቹን በአዳራሽ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሳይሆን ተመልካቹ ወዳለበት የሚሄድ ተውኔት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ቺካጎ ተጉዘው ትወና አጠኑ፤ ከዚያም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። ከእነ ቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ ጋር የሆሊውድን መንገድ አንከተልም ካሉት ጥቁር ተማሪዎች አንዱ ሆኑ። አብዮቱ በፈነዳበት እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አገራቸው መጥተው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጹ። የፊልሙ መነሻ የአንድ ባላባትና የጭሰኞቹ ኑሮ ነው፤ ከሁሉ ልቆ የሚታየው ግን መሬቱን የተነጠቀውና አገር «እብድ» የሚለው ከበበ ነው። የአባት መጽሐፍ አርበኛውን በጋሻው ሲያሳየን፣ የልጁ ፊልም አገሩ ለተዋጋላት ሰው ምን እንደ መለሰችለት ይጠይቃል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የማነባቸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ።

ሽልማት ግን ፊልምን ሲኒማ ቤት አያስገባም። ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ፊልም ሲሠሩ የገጠማቸው ችግር የካሜራ ወይም የተዋናይ አልነበረም። ፊልሙ ያልቃል፤ አከፋፋይ የለውም፤ ከመደርደሪያ ይቀመጣል። አከፋፋዩ በሩን ይዟል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1982 የራሳቸውን አከፋፋይ ድርጅት አቋቋሙ፤ የእሳቸውንና በሩ የተዘጋባቸውን የሌሎችን ሥራ እንዲያደርስ። ድርጅቱ ያደገው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ የፊልም ድርጅት ታሪክ ስለ ካሜራና ስለ ስቱዲዮ ያወራል፤ የነጎድጓድ ታሪክ ስለ በር ነው።

የበሩ ፈተና የመጣው በ«ሳንኮፋ» ነው። ቃሉ የጋና አካን ሕዝብ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሰህ የተውከውን አንሣ ማለት ነው። በጋና ባሕር ዳርቻ፣ ባሪያ ይታጎርበት በነበረ ምሽግ ፎቶ የምትነሣ ሞና የተባለች ዘመናዊ አሜሪካዊት ሞዴል ድንገት ወደ ኋላ ዘመን ትወሰዳለች፤ ሾላ ተብላ በእርሻ ላይ ባሪያ ትሆናለች። ኃይሌና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ጋና፣ ቡርኪና ፋሶና ጀርመን በሥራው እጃቸው አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ለወርቃማው ድብ ከተወዳደሩት አንዱ ሆነ። አሜሪካ ሲመለስ ግን የሚያሳየው አንድም አከፋፋይ አልተገኘም።

ያን ጊዜ የአባት ነገር መጣ። ባልና ሚስት በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ወሬው በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየጸጉር ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ተሰማ፤ ሰዉ ተሰለፈ። ፊልሙ በዚያች ከተማ ብቻ 11 ሳምንት ታየ፤ ከዚያም ኮፒው በየከተማው እየዞረ፣ በየደረሰበት የአካባቢው ሰው አዳራሹን እየተከራየና ትኬቱን እየሸጠ አሳየው። ከገቢው በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ «ሳንኮፋ» የተባለው የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር ተከፈተ። እስከ ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ፣ መንገዱን ያበጀው የአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት ነበር፤ እርሷም ባለ በር ለመሆን የደከመች ጥቁር ፊልም ሠሪ ናት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያት ልመለስ። መተማ የዕቃ በር ብቻ አልነበረችም፤ የሰው በርም ነበረች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ሲያልፍ፣ በባሪያ ነጋዴዎች ዳስ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጃገረዶች ለሽያጭ ተቀምጠው አይቶ ጽፏል። አፄ ቴዎድሮስ፣ የዚሁ የቆላ አገር የቋራ ልጅ፣ የባሪያ ንግድን በአዋጅ ከለከሉ፤ አልቆመም። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1884 ከእንግሊዝ ጋር የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ተዋዋሉ፤ አሁንም አልቆመም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጥለው የማረኩትን ሕዝብ በዚያው በቆላው በኩል ነዱት። በማግሥቱ ዓመት ንጉሡ መተማ ላይ ወደቁ።

ስለ መተማ ስናወራ የምናነሣው የንጉሡን ሞት ነው፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች። ይገባል። ግን በዚያው ገበያ ስለ ተሸጡት ልጆች እምብዛም አንናገርም። ባርነት የአትላንቲክ ማዶ ጉዳይ፣ የሌላ ጥቁር ሕዝብ ቁስል ይመስለናል። የጎንደር ልጅ የጋናን ምሽግ ለዓለም ሲያሳይ አጨበጨብን፤ የራሳችንን የምሽግ በር ግን ገና አላየነውም። ይህን የምለው ኃይሌን ለመውቀስ አይደለም፤ አንድ ሰው የአንድ አህጉርን ታሪክ ሁሉ ሊቀርጽ አይችልም። «አድዋ» እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። «ጤዛ» 14 ዓመት ያህል ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ ታላቁን የፌስፓኮ ሽልማት ወሰደ። በ«ጤዛ» ውስጥ ከጀርመን የሚመለሰው ሐኪም አንበርብር ወደ ጣና ዳር የትውልድ ቀዬው ሲደርስ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ከደርግ አፈሳ በዋሻ ሲደብቁ ያያል። ልጅን ከሚወስድ እጅ መደበቅ ለዚያ አገር ሰው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ኃይሌ ይህን አስበው ይሁን ሳያስቡ፣ ፊልሙ የቆየ ፍርሃት ነክቷል።

የመተማው ፊልም ግን አልተሠራም። ሊሠራው የሚነሣ ወጣት ቢኖር ቦታው ሩቅ አይደለም፤ ከጎንደር በጭልጋ፣ በገንዳ ውሃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ አቅጣጫው የጥንቱ የነጋዴ መንገድ ነው። በዘመናችንም ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚሻገሩ ወጣቶች በደላላ እጅ የሚያልፉት በዚያው በር ነው፤ የሱዳን ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲፈነዳ ደግሞ ስደተኛው በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ጓዙን በራሱ ተሸክሞ በዚያው ገባ። ለሞና ካሜራ ፊት መቆም በቂ ሆኖላት ነበር፤ ለመተማው ፊልም ደግሞ በኬላው ተሰልፋ ወረቀቷ እስኪታይላት የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ትበቃለች።