ሳይዘራ ዋጋው የተከፈለ አትክልት

የክፍል ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሲጽፉ እኛ ስለ ጎመንና ስለ ካሮት ታሪክ ለመጻፍ መነሣታችን ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን ለመቶ ቤተ ሰብ በየሳምንቱ አትክልት ሳያጓድሉ ማድረስ ቀላል ሥራ እንዳይደለ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአትክልት ገበሬ የጥንት ችግሩ ሁለት ነው፤ በዘር ጊዜ ገንዘብ ያጥረዋል፥ በለቀማ ጊዜ ደግሞ ገዢ ያጣል። ቲማቲም እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪወጣ አይጠብቅም። ስለዚህ በጃፓን አገር ገበሬዎችና ሸማቾች ያለ ነጋዴ በቀጥታ ተስማምተው መሥራት ጀመሩ፤ ስምምነቱን «ቴይኬይ» ይሉታል፤ በ1971 የተመሠረተው የጃፓን የኦርጋኒክ እርሻ ማኅበርም አስፋፋው። በ1978 በስዊስ አገር በዤኔቭ እንዲሁ አባላት የተባበሩበት የአትክልት እርሻ ተቋቋመ።

በአሜሪካም በአላባማ፥ በቱስኪጊ ያስተምሩ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ቡከር ዋትሊ ለትንሹ ገበሬ ሌላ ምክር ሰጡ። አባላት በየዓመቱ አስቀድመው መዋጮ ይክፈሉ፥ መጥተውም ራሳቸው ይልቀሙ፤ እርሻው 50,000 ሕዝብ ካለበት ከተማ ከ40 ማይል አይራቅ፤ ሰብሉም አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲደርስ ሆኖ ይታቀድ አሉ። ይህ የመጨረሻው ቃል ለእኛ ከሁሉ የበለጠ መስሎ ታይቶናል።

በማሳቹሴትስ ኢንዲያን ላይን የተባለው እርሻ ባለቤት ወይዘሮ ሮቢን ቫን ኤን፥ በስዊስ ሠርቶ ከመጣው ከጃን ቫንደር ቱይንና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው በ1985 ፖም በድርሻ አከፋፈሉ፤ በ1986 ወደ አትክልቱ ተሻገሩ። ነገሩ የእኛን ዕቁብ ይመስላል። ሆኖም በዕቁብ የጣሉት ገንዘብ ተራው ሲደርስ ሳይጎድል ይመለሳል፤ እዚህ ግን የሚመለሰው ምድሪቱ የሰጠችው ያህል ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የአትክልተኛው ጭንቀት ተለወጠ እንጂ አልቀረም። ገዢ መፈለጉ ቀርቶ ባለ ዕዳ ሆነ። ስለዚህ ምድሪቱ በበረዶ በተሸፈነችበት ወራት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከማደያው ቀን ወደ ኋላ ይቈጥራል። መቶ ቤተ ሰብ በሳምንት አንዳንድ ራስ ሰላጣ ቢሰጣቸው መቶ ራስ ያስፈልጋል፤ የሚበላሸውን አስቦ 120 ችግኝ ይተክላል። ሰላጣ በችግኝ መደብ አራት ሳምንት ያህል፥ በማሳው ደግሞ ወደ 50 ቀን ይቈያል። ከደረሰ ግን አይታገሥም፤ ሙቀት ሲጠናበት አገዳ ሰድዶ ይመርራል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እንደ ገና ይዘራል። ካሮት መሬት ውስጥ ሆኖ ስለሚጠብቅ ይህን ያህል አያስቸግርም። ቲማቲም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በመደብ ካደገ በኋላ ውርጭ ሲያልፍ ይተከላል። ነጭ ሽንኩርትማ በመጸው ተተክሎ በሚመጣው ዓመት በጋ ይነቀላልና የዘንድሮው ዕቅድ አምና መጀመር አለበት። ጥቅል ጎመንም ሥሩን የሚያሳብጥ በሽታ ስላለበት ሦስት አራት ዓመት ሳያልፍ ወደ ቀድሞ መደቡ አይመለስም፤ ያለፉት ዓመታት ካርታ የጠፋበት አትክልተኛ ምን ይውጠዋል?

የቤተ ሰቡም ፍላጎት አለ። ጎመን ብቻ ተቈልሎ ሽንኩርት የሌለበትን ድርሻ የትኛዋ እናት ደስ ብሏት ትቀበላለች?

ድርቅ ቢመጣ ጉዳቱ የሁሉ ነው፤ ስምምነቱም ይኸው ነው። ዘሩ በቀኑ ሳይዘራ ቢቀር ግን ያን ጉዳት በአባላቱ ላይ መጣል በእኛ አስተያየት ቅን ፍርድ አይደለም።

ወይዘሮ ሮቢን በ1997 ዐረፉ። መሬቱ ግን በ1999 በአካባቢው የመሬት አደራ ማኅበር እጅ ገብቶ የአትክልት እርሻ እንደ ሆነ ቀጠለ።