ውኃ ያሰመረው መንገድ

ስሙኝማ! ዛሬ የምወስዳችሁ ሩቅ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ፣ ማሪ ከምትባል መንደር ተነሥቶ ማርላ እስኪደርስ 620 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ የአፈርና የጠጠር መንገድ አለ። ኡድናዳታ ትራክ ይሉታል። ነዳጅ የሚገኘው መነሻውንና መድረሻውን ጨምሮ በአራት ቦታ ብቻ ነው። ካርታ ላይ ስታዩት ታዲያ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አገሩ ሜዳ ነው፤ ተራራ የለ፣ ገደል የለ፣ ግን መንገዱ ይጎብጣል። ቀያሹ ምን ነክቶት ነው ብዬ ብጠይቅ መልሱን ያገኘሁት ከመሐንዲስ ሳይሆን ከጋሼ ነው።

ጋሼ ዛሬ የሜልበርን ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ግን የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ፤ ባለ ተሳቢ ፊያታቸውን ይዘው አዋሽን፣ ሚሌን፣ ቡሬን ሲያልፉ ሲያገድሙ የኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ልጆቻቸው “እንግዲህ ይረፉ” ቢሏቸው ካራቫን ገዙ። በዚያ አገር ጡረተኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው። አልጋውን፣ ምድጃውንና ማቀዝቀዣውን የያዘ ቤት ከመኪናው ኋላ አስሮ አገሩን ይዞራል። ባለቤታቸው እትዬ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ድርቆሹን ጫኑ፤ እኔ ደግሞ ጎማ ለማንሣትና ወሬ ለመቀበል ተጨመርሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ማሪ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚነበበው ሰሌዳ ነው። የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ ይለጠፍበታል። ያን ቀን የኛው “ክፍት” ይል ነበር። ጋሼ ሰሌዳውን አነበቡ፣ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና “ይህን የጻፈው ሰው ነው። ደመናው ገና አልተጠየቀም” አሉ።

ከማሪ ወደ ሰሜን፣ ወደ በርድስቪል የሚሄድ ሌላ የበረሃ መንገድም አለ፤ 517 ኪሎ ሜትር። በዚያ ላይ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፖስታ ያመላልስ የነበረ ቶም ክሩዝ የሚባል ሾፌር ነበር። የፊልሙን ተዋናይ አላልኋችሁም፤ ያኛው ገና አልተወለደም። ይኼኛው ግን ራሱ ፊልም ላይ ወጥቷል፤ በ1954 የቬኒስን ታላቅ ሽልማት ባገኘ ዘጋቢ ፊልም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ “ሾፌር ሲሸለም የሰማሁት ዛሬ ነው” ብለው ሳቁ። አልፌዋለሁ፤ ብዙ የምነግራችሁ አለ።

የግመሎቹን ነገር ግን አላልፈውም። ለአውስትራሊያ ግመል እንግዳ ነበር። ከባሕር ጉዞ ተርፎ መጀመሪያ የደረሰው ግመል በ1840 ነው የገባው፤ ሃሪ ብለው ሰየሙት። በ1846 ጌታው ጆን ሆሮክስ ለአሰሳ ይዞት ወጣ። ሰውየው አጠገቡ ጠመንጃ ሲያጎርስ ሃሪ ወዘወዝ አለና ጥይቱ ባረቀ፤ ጌትየውም በቁስሉ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግመሉ በጥይት እንዲገደል አዘዘ አሉ። እንዲህ ያለ አጀማመር! ከ1860ዎቹ ወዲህ ግን ግመሎቹ ከነጂዎቻቸው ጋር በመርከብ መጡ። ነጂዎቹን ሁሉ “አፍጋን” አሏቸው እንጂ ከባሉቺስታንም፣ ከፔሻዋርም፣ ከፑንጃብም የመጡ ነበሩባቸው። ያ በረሃ ተከፈተ ሲባል በነሱ ትከሻ ነው። ዱቄቱን፣ የበግ ጠጉሩን፣ የቴሌግራፉን ዕቃና የባቡሩን ብረት ፈረስና በሬ ተጠምቶ በሚቀርበት አገር ያደረሱት እነሱ ናቸው።

ማሪ ዋና ሰፈራቸው ነበረች። ሐዲዱ በ1884 ሲደርስ ከተማዋን ለሁለት ከፈላት፤ በአንድ ወገን ነጮቹ፣ በሌላው ወገን ግመል ነጂዎቹና የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች። ዛሬ እዚያ ከጭቃና ከሣር የነበረውን መስጊዳቸውን ምስል ይዞ እንደገና የተሠራ ትንሽ መስጊድ ቆሟል። በ1920ዎቹ የጭነት መኪና ሲመጣ ሥራቸው አበቃ። በ1925 የደቡብ አውስትራሊያ ምክር ቤት ባለቤት አልባ ግመል እንዲገደል የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ብዙዎቹ ነጂዎች በገዛ እጃቸው ከመግደል ወደ በረሃው መልቀቅን መረጡ፤ የነዚያ ዘር ነው ዛሬ በመቶ ሺዎች ተራብቶ መንግሥትን የሚያስጨንቀው። ከአዴላይድ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዝነኛ ባቡር “ጋን” የሚባለው በነሱ ስም ነው ይባላል። ስም ሰጡ፤ ሲኖሩ ግን ከሐዲዱ ማዶ ነበር ቦታቸው። ይህ ለኔ ትልቅ ውለታ ቢስነት ነው።

ጋሼ መስጊዱ ፊት ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። “አንተ ልጅ” አሉኝ፣ “የአፋር ግመል ነጂ ካራገፈበት ቦታ አጠገብ ውኃ አይጠፋም። እኛም ሾፌሮቹ እሱን አይተን ነበር የምንቆም። የዚህን መንገድ ጉብጠት ጠየቅኸኝ አይደል? ቆይ፤ ታየዋለህ።”

ማሪን ለቀቅን። አስፋልቱ አብቅቶ ጥቂት እንደሄድን ጋሼ ዳር ይዘው ወረዱ። የመኪናውንም የካራቫኑንም ጎማ በየተራ፣ የቫልቩን ክዳን እየፈቱ፣ መለኪያዋን እየሰኩ ንፋሱን ከ40 ወደ 28 አወረዱት። ጎማው ሆዱን አፈር ላይ ዘርገፍ ሲያደርግ እኔ ተነፈሰ ብዬ ደነገጥሁ። “የተወጠረ ጎማ ሹል ድንጋይ ሲያገኝ ይበሳል” አሉኝ፤ “ላላ ያለው ድንጋዩን አቅፎት ያልፋል። ግን ላላ ባለ ጎማ ከፈጠንህበት ይግላል፤ ከጋለ ይቀደዳል። ስለዚህ ቀስ!” እትዬ በበኩላቸው የካራቫኑን ቀዳዳ ሁሉ በፕላስተር አሽገው የጣሪያዋን መስኮት ብቻ ወደፊት ገርበብ አደረጉ። ነፋስ ከፊት ገብቶ ውስጡን ሲሞላው ከኋላ የሚግተለተለው አቧራ መግቢያ ያጣል። ያም ሆኖ ማታ ስኳሩን ስንከፍት ቀይ ነበር።

መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተሸብሽቧል። በዝግታ ስትሄዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ስትፈጥኑ ባሌስትራ ይሰብራል። ባለ ሦስት ተሳቢ የከብት መኪና ከፊት ሲመጣ ጋሼ ጥጋቸውን ይዘው ያቆማሉ፤ አቧራው እስኪያልፍ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ ማየት አይቻልም። ዲንጎ የሚሉት የዱር ውሻ በጎቻቸውን እንዳይፈጅ የታጠረውን 5,600 ኪሎ ሜትር ገደማ አጥር ተሻገርን። አንድ ቀራጺ ሁለት አሮጌ አውሮፕላን በጭራቸው አቁሟቸው አየን፤ እትዬ “ሥራ ፈት!” ብለው አለፉት።

ቀጥሎ የጨው ሐይቁ። ኤየር ሐይቅ፣ በነባሩ ስሙ ካቲ ታንዳ። የአውስትራሊያ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች 15 ሜትር ያህል። ጋሼ ጽሑፉን እንዳነበብሁላቸው “15 ሜትር? ዳሎል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ማንም አላከበረው!” አሉ። ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። በ1963 እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል ለመኪና ሩጫ ክብረ ወሰን ሊሞክርበት መጣ፤ ለዓመታት ያልዘነበው ዝናብ ያን ጊዜ ዘነበና ሜዳው ውኃ ሞላ። ተመልሶ በሐምሌ 1964 መጥቶ በሰዓት 648 ኪሎ ሜትር በረረበት። ከበረሃ ጋር ቀጠሮ የሚይዝ ሰው እንዲህ ነው።

አሁን የጋሼን መልስ ስሙ። ከዋናው መንገድ ጥቂት ወጣ ብሎ ዋብማ ካዳርቡ የሚባል ጥብቅ ቦታ አለ። ክው ባለው መሬት ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ትናንሽ ኮረብታዎች ተነሥተዋል፤ አናታቸው ላይ ውኃ! አንደኛው ምንጭ ባብለር ይባላል። ክብ፣ ጥርት ያለ ኩሬ ነው። ዓይናችሁን ስትተክሉበት ከሥሩ አሸዋው በዝግታ ይነሣል፣ ያብጣል፣ እንደገና ይቀመጣል። ዐረባናዎች፣ የዚያ ምድር ባለቤቶች፣ ከጥንት እንዲህ ይተርኩታል፦ አንድ አባት ካንማሪ የተባለውን ታላቅ እባብ ገደለ፤ ኩሬው ውስጥ የሚንፈራገጠው የሟቹ እባብ አካል ነው። አጠገቡ ያለው ብላንሽ ካፕ የተባለው ምንጭ እባቡ የተጠበሰበት ምድጃ፣ ማዶ ያለው ኮረብታ ደግሞ የእባቡ ጭንቅላት ነው።

ሳይንሱ የሚለው ከሥር 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የከርሰ ምድር ውኃ አለ ነው፤ ከኢትዮጵያ ይሰፋል። ዝናቡ በስተምሥራቅ፣ በሩቅ ባሉ የአገሩ ተራሮች ላይ ወርዶ፣ በድንጋይ ውስጥ እየተሳበ፣ አንዳንዱ ከሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እዚህ ጫፍ ላይ ስንጥቅ አግኝቶ ይወጣል። የያዘው ማዕድን እየተጋገረ ነው ኮረብታውን የሠራው።

ምንጮቹ ታዲያ በደቡብና በምዕራብ የውኃው ጠርዝ ላይ፣ ጎበጥ ባለ መስመር ተራ በተራ ተሰልፈዋል። ዐረባናዎች ቀይ አፈርና ሌላ ዕቃ ይዘው ለንግድ የሚሄዱት ከምንጭ ወደ ምንጭ ነበር። አሳሹ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ምንጮቹን ተከትሎ በ1862 የሰሜኑን ባሕር ደረሰ። ቻርልስ ቶድ የሱን ዱካ ይዞ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የቴሌግራፍ ሽቦ ዘረጋ፤ በ1872 አለቀና ወራት ይፈጅ የነበረው የለንደን ወሬ በሰዓታት መድረስ ጀመረ። በእንፋሎት የሚሠራው ባቡርም ውኃ ጠጪ ነውና በዚያው መጣ፤ በ1891 ኡድናዳታ ገባ። እኛ የምንነዳው መንገድ የዚያ ሐዲድ ጎረቤት ነው። ጋሼ በጣታቸው አሸዋው ላይ መስመሩን ስለው “አየህ? ይህን መንገድ ማንም አልቀየሰውም። ውኃ አሰምሮት ሰው ተከተለው” አሉ። እትዬ “ኧረ አንድ ጊዜስ ዝም ብለው ይዩት” አሏቸው፤ ዝም ብለን አየነው።

ውኃ ያሰመረውን ውኃ ይዘጋዋል። ዊሊያም ክሪክ ስንደርስ ደመናው ተጠየቀ። መንደሯ አንድ መጠጥ ቤት፣ ጥቂት ቤቶችና የአውሮፕላን ሜዳ ናት፤ በዓለም ትልቁ የሚባለው፣ ከ15 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው አና ክሪክ የከብት ርባታ ዙሪያዋን ከቧታል። ዓመቱን ሙሉ 200 ሚሊ ሜትር የማይዘንብበት አገር ነው፤ ግን ትንሽ ሲጥል ጭቃው ጎማ ላይ ተጋግሮ አያስሄድም። ያን ጊዜ መንገዱ ይዘጋል፤ ጥሶ የሄደም ይቀጣል። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው፦ አንድ ግትር መኪና በእርጥብ መሬት ያሰመረው ቦይ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆንና ጠጋኝ መኪና እስኪመጣ የሁሉንም መኪና ይሰብራል።

ተቀመጥን። መጠጥ ቤቱ ግድግዳው በመንገደኞች ካርድና ወረቀት ተሸፍኗል። ከብት ነጂው፣ የቱሪስት አውሮፕላን አብራሪው፣ ጡረተኞቹ፣ እኛም ተደባልቀን ሰሌዳ ጠበቅን። እትዬ ዳቦ ቆሎ በሳህን አዞሩ፤ አንድ ጢማም ከብት ነጂ በቢራ ወደደውና ከሳህኑ አልነሣ አለ። ጋሼ ብጣሽ ወረቀት ላይ በአማርኛ “የአሰብ መስመር ሾፌር እዚህ አርፏል” ብለው ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

እዚያው የሰማሁት ነው የሚከተለው፤ በአካባቢው ሁሉ የሚታወቅ እውነተኛ ታሪክ ነው። ከዓመታት በፊት ሁለት የውጭ አገር ጎብኚዎች መኪናቸው ሐይቁ ዳር አሸዋ ውስጥ ሰጠመችባቸው። በአቅራቢያቸው የውኃ ታንከር ነበረ። የሚመጣ ሲጠፋ በታኅሣሥ፣ በበጋው ንዳድ፣ ወደ ዊሊያም ክሪክ በእግር ተነሡ፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወንዱ ስላቃተው ወደ መኪናው ተመለሰና ተረፈ። ሴቷ ቀጠለች፤ መንገድ ላይ ሞታ ተገኘች። ጋሼ ይህን ሲሰሙ መለኪያቸውን አስቀመጡ። “እኛም አሰብ መንገድ ላይ ሕጉ አንድ ነበር” አሉ፤ “ከመኪናህ አትለይ።”

መንገዱ ሲከፈት የቀረውን በዝግታ ጨረስነው። በ1892 የተሠራውን፣ 578 ሜትር የሚረዝመውን የአልጀቡኪና የባቡር ድልድይ አየን፤ ባቡሩ ግን የለም። ጎርፍ ሐዲዱን እየጠረገ ስላስቸገረ በ1980 መስመሩ ተዘግቶ ወደ ምዕራብ ዞሯል። በ1960 ጥር መባቻ 50.7 ዲግሪ በተመዘገበባት በኡድናዳታ፣ በሮዝ ቀለም ከተቀባው ማደያዋ ናፍጣ ቀዳን። ማርላ ላይ አስፋልት ስንረግጥ ጋሼ ኮምፕሬሰሩን አውጥተው ጎማዎቹን መልሰው ነፉ።

ከናንተ መሐል፣ በተለይ ሜልበርንና አዴላይድ ያላችሁ፣ ልሂድ የሚል ካለ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ብርዳማ ወቅት ይሂድ። ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር ውኃ ይያዝ፤ ስኮርታው ሁለት ይሁን። የእጅ ስልክ በአብዛኛው መንገድ አይሠራምና የሳተላይት ስልክ ተከራዩ፤ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱ ለሰው ተናገሩ። መኪናችሁ ከቆመ ደግሞ ጥላው ሥር ተቀመጡ። ፈላጊ ከሰው ይልቅ መኪና ቶሎ ያገኛል።