የጃቪንስ ውሳኔ

የጃቪንስ ውሳኔ በዋሽንግተን ዲሲ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1970 የሰጠው ፍርድ ነው። ክርክሩ ጃቪንስን ጨምሮ በተከራዮችና ፈርስት ናሽናል ሪያልቲ በተባለ አከራይ ኩባንያ መካከል ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ በውሉ ባይጻፍም እንኳ፣ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ ብቁ አድርጎ የማቆየት ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። በአሜሪካ የአከራይና ተከራይ ሕግ ትምህርት ከሚጠቀሱ ፍርዶች ግንባር ቀደሙ ነው።

ጉዳዩ የተነሣው ክሊፍተን ቴራስ በሚባሉ ሦስት የአፓርታማ ሕንፃዎች ነው። ሕንፃዎቹን በ1910ዎቹ ያሠራቸው ስመ ጥሩው ቤት ሠሪ ሃሪ ዋርድማን ነበር፤ በ1960ዎቹ ግን ክፉኛ ተጎሳቁለዋል። ኩባንያው ኤፕሪል 8 ቀን 1966 የወሩን ኪራይ አልከፈሉም ባላቸው ተከራዮች ላይ ቤት ይልቀቁልኝ የሚል ክስ መሠረተ። ተከራዮቹ አለመክፈላቸውን አልካዱም። በሕንፃው ውስጥ 1,500 ያህል የከተማዋ የቤቶች ደንብ ጥሰቶች መኖራቸውን እናስረዳለንና ማስረጃችን ይሰማልን አሉ። የሥር ፍርድ ቤት ግን ማስረጃውን ሳይሰማ ቤቱን እንዲለቁ ፈረደ፤ የዲስትሪክቱ ይግባኝ ሰሚም ይህንኑ አጸናው።

የሥር ፍርድ ቤቶች ያለ ምክንያት አልጨከኑም። ከእንግሊዝ በተወረሰው ልማዳዊ ሕግ ኪራይ ማለት ለተወሰነ ጊዜ መሬት እንደ መግዛት ይታይ ነበር። መሬት የሚከራየው ገበሬ የሚፈልገው መሬቱን ነው፤ ጎጆው ቢያፈስ ራሱ ይጠግነዋል። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ኪራዩ አይቀርለትም ነበር። በአንጻሩ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ኪራይን ከጅምሩ እንደ ውል ስለሚያየውና ከጥቃቅኑ በቀር ጥገናን በአከራዩ ላይ ስለሚጥል፣ ለኢትዮጵያዊ የሕግ ባለሙያ የአሜሪካው ክርክር ዘግይቶ የተነሣ ሊመስለው ይችላል።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጀምስ ስኬሊ ራይት ናቸው። ቀደም ሲል በኒው ኦርሊንስ በትምህርት ቤቶች የነበረውን የዘር መለያየት በመሻር ይታወቃሉ። እንደ እሳቸው አመለካከት የከተማ ተከራይ የሚከራየው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ማሞቂያ፣ መብራት፣ የሚሠራ ቧንቧ፣ የሚቆለፍ በርና ንጽሕናም አብረው ናቸው። እንደ ገበሬው ሁሉን በእጁ መጠገን አይችልም፤ ብልሽቱ በሕንፃው የጋራ ክፍል ሲሆን ደግሞ መግቢያም የለው። ስለዚህ ተከራይ እንደ ማንኛውም ሸማች ለከፈለበት ነገር የጥራት ዋስትና አለው፤ መለኪያውም የከተማዋ የቤቶች ደንብ ነው። አከራይና ተከራይ በውል ተስማምተው ይህን ግዴታ ሊያስቀሩት አይችሉም።

ፍርዱ ግን ለተከራዮች ነጻ ኪራይ አላደለም። መዝገቡ ለዳግም ችሎት ተመልሶ፣ ኪራዩ ባልተከፈለበት ጊዜ ጥሰቶቹ ነበሩ ወይ፣ ከነበሩስ ከኪራዩ ምን ያህሉ ይቀነሳል የሚሉት ጥያቄዎች ለጁሪ ተተዉ። ምንም የማይቀነስ ከሆነ ተከራዩ ይለቃል። ከፊሉ ብቻ የሚቀነስ ከሆነ ደግሞ ቀሪውን ለመክፈል እስከተስማማ ድረስ አይወጣም። አንድ ሁለት ቀላል ጉድለቶች፣ ወይም ተከራዩ ራሱ ያበላሸው ነገር፣ አይቆጠሩም። ክርክሩ እስኪያልቅም ፍርድ ቤት ኪራዩን በአደራ እንዲቀመጥ ሊያዝ ይችላል።

ጃቪንስ ብቻውን ቢቆም አቅመ ቢስ በሆነ ነበር። ኪራዩ በየወሩ የሚታደስ ሰው ቤቱ ይጠገንልኝ ባለ ማግስት ልቀቅ ከተባለ መብቱ ምን ሊረባው? ይህን በር የዘጋው ይኸው ፍርድ ቤት በ1968 በኤድዋርድስና ሃቢብ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። በዚያ ጉዳይ አንዲት ተከራይ ለባለሥልጣናት አቤት ስትል ከ40 በላይ የጤና ደንብ ጥሰቶች ተገኝተው ነበር። ፍርድ ቤቱም አከራይ ተከራይን አቤቱታ በማቅረቡ ለመበቀል ብሎ ማስወጣት አይችልም አለ። እነዚህ ሁለት ፍርዶች አብረው ሊነበቡ ይገባል።

ትችትም አልቀረም። የጥገናው ወጪ ዞሮ ዞሮ በኪራይ ጭማሪ በድኻው ላይ ይወድቃል የሚሉ ምሁራን ተነሥተዋል። ዳኛ ራይት ራሳቸው በ1982 ለአንድ የሕግ ፕሮፌሰር በጻፉት ደብዳቤ፣ በዋሽንግተን ጎስቋላ ሰፈሮች አብዛኞቹ ተከራዮች ድኾችና ጥቁሮች፣ አብዛኞቹ አከራዮች ደግሞ ሀብታሞችና ነጮች መሆናቸው ተጽዕኖ እንዳሳደረባቸው አልሸሸጉም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በበኩሉ በ1972 በሊንድሴና ኖርሜት ጉዳይ ሕገ መንግሥቱ ለማንም መኖሪያ ቤት ዋስትና እንደማይሰጥ ወስኗል። በዚህም የተነሣ የጃቪንስ ሐሳብ የተስፋፋው በየክፍለ ግዛቱ ሕግና ፍርድ ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት ይሠራበታል።

ፍርዱ በተሰጠባት በዋሽንግተን ዲሲ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የከተማዋ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግም መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች እንዲያዳርሱ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይሁንና መጥሪያ የደረሰው ተከራይ በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ፣ ቤቱ የቱንም ያህል የተበላሸ ቢሆን፣ ፍርዱ በሌለበት ሊሰጥበት ይችላል።