ጨረሩ የሚያሳየው ቦታን ነው

ሄልፋየር የተባለው ሚሳይል መጀመሪያ የተሠራው ከሄሊኮፕተር ተተኩሶ ታንክ እንዲያወድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካውያን ፕሬዴተር ከተሰኘች ሰው አልባ አውሮፕላን ተኩሰው ሞከሩት፤ በ2002 የመን ውስጥ ማሪብ አካባቢ በመኪና ሲጓዙ የነበሩ 6 ሰዎች ተገደሉበት።

አውሮፕላኗ የሌዘር ጨረር ዒላማው ላይ ታሳርፋለች፤ ሚሳይሉም ነጥሮ የሚመለሰውን ጨረር ተከትሎ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ጨረሩ የሚጠቁመው ቦታን ነው። እዚያ ያለው ማን እንደሆነ የሚፈርደው ሰው ነው።

ኦገስት 29 ቀን 2021 ካቡል ውስጥ አንዲት ነጭ ቶዮታ በዚሁ መሣሪያ ተመታች። ሹማምንቱ ፈንጂ ጭናለች ብለው ነበር። ነጂው ግን የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ከሞቱት 10 ሰዎች 7ቱ ሕፃናት ናቸው። ፔንታጎን ስህተቱን ያመነው ሴፕቴምበር 17 ቀን ነው። ሚሳይሉስ አልሳተም፤ ምታ የተባለውን መኪና ነው የመታው።