መጨረሻውን አስቀድመው የሚያነቡ ሴቶች

ታላቅ እህቴ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነበራት። ከሰፈራችን መጽሐፍ አከራይ እየተከራየች የምታነባቸውን የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብወለዶች ስም ትመዘግብበታለች። ከስሙ ጎን ከ10 ነጥብ ትሰጣለች፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ሁለት መስመር አስተያየት። «ይቅርታ ሳይጠይቃት ታረቀችው፤ 4» «ዶክተሩ ደስ ይላል፣ ግን እናቱ የት እንደገባች ሳይነገረን አለቀ፤ 7» ዓይነት ነገር።

እኔ ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ «ቁም ነገር ብቻ ነው የማነበው» የምል ጉረኛ። አንድ ቀን ደብተሩን አንስቼ ጓደኞቼ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩትና ሳቅንባት። እህቴ ምንም አላለችም። ደብተሩን ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስትጽፍበት አላየኋትም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በከፊል ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው። ከዓመታት በኋላ የእነዚያን ትንንሽ መጻሕፍት ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ነገር ገረመኝ። የዘውጉ ታሪክ የአሳታሚዎችና የደራሲዎች ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እንደ እህቴ ደብተር ይዘው ነጥብ ይሰጡ የነበሩ አንባቢዎች ታሪክም ነው። ትልልቆቹ ሃያስያን ፊታቸውን ባዞሩ ቁጥር ሂሱን የሠሩት እነሱ ናቸው።

«ስዊት» ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። እንግሊዝኛው «ስዊት ሮማንስ» የሚለው ጨዋ የፍቅር ልብወለድ ነው። ታሪኩ በዘመናችን ይሆናል፤ ነርስ፣ መምህርት፣ ጸሐፊ ወይም ዳቦ ቤት ያላት ልጅ ከአንድ ሰው ጋር ትተዋወቃለች፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። የመኝታ ቤቱ በር ለአንባቢ አይከፈትም። መጨረሻው ደግሞ የግድ ደስታ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ በደራሲውና በአንባቢዋ መካከል ያለች ውል ናት፤ ያፈረሳት ደራሲ አንባቢ ያጣል።

የእኛ አገር አንባቢ በዚህች ውል ላይ ቅር ሊለው ይችላል። ትልቁ የፍቅር ልብወለዳችን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ፣ መቃብርን በርዕሱ ላይ ይዞ የመጣ ነው። ሰብለና በዛብህ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው ቢኖሩ ኖሮ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እንደዚያ እናለቅስ ነበር? እንጃ። ግን አንድ ነገር አንርሳ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ሲታተም ፍጻሜው ሠርግ ነበር። ደስተኛ ፍጻሜ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም ማለት ነው።

የሚገርመው በዚያው በ1908 ለንደን ውስጥ ጄራልድ ሚልስና ቻርልስ ቡን የሚባሉ ሁለት ሰዎች «ሚልስ ኤንድ ቡን» የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከአከራይ ቤት እስከ ሱፐርማርኬት

ሚልስ ኤንድ ቡን ሲጀምር የፍቅር ልብወለድ ብቻ የሚያወጣ ቤት አልነበረም። ወደዚህ ያዘነበለው በ1930ዎቹ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ መጽሐፍ በትንሽ ሳንቲም የሚያከራዩ ሱቆች በየሰፈሩ ነበሩ። ተከራዮቹ ባብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የሚፈልጉት ደግሞ ፍቅር። ማተሚያ ቤቱ ለእነዚህ ሱቆች ቡናማ ሽፋን ያላቸውን መጻሕፍት በገፍ ያቀርብ ጀመር። ደንበኞች የደራሲውን ስም ሳይሆን የሽፋኑን ቀለም እያዩ ይከራዩ ነበር ይባላል።

ኪራዩ ሲዳከም የካናዳው ሃርለኩዊን ደረሰላቸው። ይህ ቤት በ1949 ዊኒፔግ ከተማ ላይ የተመሠረተ ሲሆን መጀመሪያ ያገኘውን ሁሉ ያሳትም ነበር፦ ወንጀል፣ ካውቦይ፣ የምግብ አሠራር። የባለቤቱ የሪቻርድ ቦኒካስል ሚስት ሜሪ ቦኒካስል ግን የሚልስ ኤንድ ቡንን የሐኪምና የነርስ ታሪኮች አንብባ ወደደቻቸው። በ1957 ሃርለኩዊን እነዚያን መጻሕፍት በርካሽ ሽፋን ማሳተም ጀመረ። የሚመርጡትም ጨዋ የሆኑትን ነበር። እንግዲህ ዛሬ «ስዊት» የምንለው ዘውግ በሰሜን አሜሪካ መልኩን ሲይዝ ምርጫውን ከመሩት አንዷ ለራሷ ደስታ የምታነብ ሴት ነበረች ማለት ነው። ሃርለኩዊን በ1971 ሚልስ ኤንድ ቡንን ጠቅልሎ ገዛው።

በዚያው ዓመት ሎውረንስ ሃይሲ የሚባል ሰው የሃርለኩዊን ኃላፊ ሆነ። የመጣው ከሥነ ጽሑፍ ሠፈር ሳይሆን ሳሙና ከሚያመርተው ከፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሴቶች ወደ መጽሐፍ መደብር እስኪመጡ ከመጠበቅ መጽሐፉን እነሱ ወደሚመላለሱበት ሱፐርማርኬት መውሰድ። በየወሩ አዳዲስ መጻሕፍት ይመጣሉ፤ ያልተሸጡት ወር ሳይሞላቸው ከመደርደሪያው ይነሳሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። መጽሐፉ እንደ ወተት በወሩ የሚያልፍበት ከሆነ የጋዜጣ ሃያሲ አንብቦ፣ አሰላስሎ፣ ጽፎ እስኪያወጣ መጽሐፉ የለም። ሽፋኑ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ከውጭ ለሚያየው ይዘቱም አንድ ይመስላል። ለገዢዋ ግን አንድ አይደለም። ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ የምትገዛበት ገንዘብ ነው ያላት። የትኞቹን ትግዛ?

ዶትና ጓደኞቿ

መልሱን ካገኙት አንዷ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በምትገኝ ከተማ መጽሐፍ መደብር ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ስሟ በጥናት ላይ «ዶት» ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ የከተማዋም ስም «ስሚዝተን» ተብሎ ተቀይሯል። ዶት አዳዲሶቹን የፍቅር ልብወለዶች እያነበበች ለደንበኞቿ በትንሽ ጋዜጣ ትጽፍላቸው ነበር፦ ይህን ግዙ፣ ይህ ይቅርባችሁ። ዝናዋ ከከተማው አልፎ የኒውዮርክ አዘጋጆች መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ይልኩላት ጀመር።

ጃኒስ ራድዌይ የተባለች ምሁር ወደ ዶትና ደንበኞቿ ሄዳ ያገኘችውን በ1984 በመጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ ዛሬም ድረስ በዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል። ራድዌይ ስለ ታሪኮቹ ስትጠይቃቸው ሴቶቹ ስለ ማንበቡ ራሱ ይመልሱላት ነበር። ቀኑን ሙሉ ባልና ልጅ ሲያገለግሉ ይውላሉ፤ መጽሐፉ ሲገለጥ ግን ያ ሰዓት የራሳቸው ነው፤ ማንም «ውሃ አምጪ» አይላቸውም።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ መራጭነታቸው ነው። ሴቲቱን የሚያዋርድ፣ የሚደበድብ ወይም የሚደፍር ወንድ በመጨረሻ «ይወዳት ነበር» ተብሎ ሲታለፍ አይቀበሉትም። አንዳንዶቹ መጽሐፉን ከመግዛታቸው በፊት መጨረሻውን ያነባሉ። እኛ «መጨረሻው የሚታወቅ ታሪክ ምን ያደርጋል?» ብለን እንስቃለን። እነሱ ግን የሚፈልጉት መጨረሻውን ሳይሆን መንገዱን ነው፦ ይህ ሰው እሷን ለማግኘት የሚገባው ሆኖ ተገኝቷል ወይ? የእህቴ «ይቅርታ ሳይጠይቃት ታረቀችው፤ 4» ከዚህ በምን ያንሳል?

በር የተዘጋባቸው

አሳታሚዎቹ ግን ሁልጊዜ አንባቢን ያዳምጡ ነበር ማለት አይደለም። ኖራ ሮበርትስ የመጀመሪያ ሥራዎቿን ለሃርለኩዊን ስትልክ፣ እሷ እንደምትናገረው፣ የተሰጣት ምላሽ «አሜሪካዊት ደራሲያችንን አግኝተናል» የሚል ነበር። አንድ ትበቃለች! ያቺ አንዷ ጃኔት ዴይሊ ነበረች። ሮበርትስ በ1981 ለተፎካካሪው ለሲልዌት ሰጠችና የመጀመሪያ መጽሐፏ ወጣ። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ከሚሸጥላቸው ደራሲዎች አንዷ ናት።

ለጥቁር ሴቶች ደግሞ በሩ የባሰ ጠባብ ነበር። በ1980 ዴል በተባለው ማተሚያ ቤት ትሠራ የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት አዘጋጅ ቪቪያን ስቲቨንስ አንድ መጽሐፍ አወጣች። ደራሲዋ ጋዜጠኛዋ ኤልሲ ዋሽንግተን ናት፤ የብዕር ስሟ ሮዛሊንድ ዌልስ። በጥቁር ደራሲ የተጻፈ፣ ሁለቱም ፍቅረኞች ጥቁር የሆኑበት የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ልብወለድ ተብሎ ይጠቀሳል። ከ1908 እስከ 1980 ስንት ዓመት እንደሆነ ቁጠሩት። በእህቴ ደብተር ውስጥ ደግሞ ይህችን የመሰለች መስመር ነበረች፦ «ሁሉም ፀጉራቸው ወርቃማ ነው።» ያኔ ከሁሉም በላይ የሳቅነው በእሷ ነበር።

ስቲቨንስ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የፍቅር ልብወለድ ጸሐፊዎችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። ማኅበሩ በ2020 ሽልማቱን በስሟ ቢሰይመውም ከዘረኝነት ጋር በተያያዘ ውዝግብ አባላቱን አጥቶ በ2024 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ።

አንባቢዋ የያዘችው ሌባ

ሃያስያኑስ? በ1981 ኬትሪን ፎክ «ሮማንቲክ ታይምስ»ን ስትጀምር ለፍቅር ልብወለድ በቋሚነት ነጥብ የሚሰጥ መጽሔት ተገኘ። እስከ 2018 ድረስም ቆየ። ከአሳታሚዎች ማስታወቂያ ይቀበል ስለነበር ግን በነጥቡ ልግስና የሚያጉረመርሙ አልጠፉም። ትልልቆቹ ጋዜጦች ዘውጉን ባብዛኛው አለፉት፤ ሲነኩትም እንደ እኔ በሳቅ ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ በ2017 በአንጋፋው አርታኢ በሮበርት ጎትሊብ ያስጻፈው ዳሰሳ አንባቢዎችን ያስቆጣው ከላይ ወደ ታች ስላያቸው ነው።

ትልቁን ሥራ የሠራችው ግን ተራ አንባቢ ናት። በ1997 አንዲት አንባቢ የኖራ ሮበርትስንና የጃኔት ዴይሊን መጽሐፍ አከታትላ ስታነብ አንዳንድ ቦታዎች ተመሳሰሉባት። ጎን ለጎን አስቀምጣ ኢንተርኔት ላይ አወጣቻቸው። ዴይሊ የሮበርትስን ጽሑፍ መውሰዷን አመነች። አዎ፣ ሮበርትስ «አሜሪካዊት አግኝተናል» የተባለችባት ያቺው ዴይሊ። በ1998 በስምምነት አለቀ፤ የካሳውም ገንዘብ ማንበብና መጻፍ ለሚያስተምር ድርጅት ተሰጠ።

«ሁሉም አንድ ናቸው» የሚል ሃያሲ ይህን ስርቆት ሊያገኘው አይችልም ነበር። ሁሉም አንድ ከሆኑ መመሳሰላቸው ምን ይደንቃል? አንዱን አረፍተ ነገር ከሌላው የምትለይ፣ የእያንዳንዷን ደራሲ ድምፅ የምታውቅ፣ የምትወደውን በጥንቃቄ የምታነብ ሰው ናት ያገኘችው።

ንቀትም ልግስናም አያሳድግም

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1856 ሜሪ አን ኤቫንስ፣ ኋላ ጆርጅ ኤልየት በሚል የብዕር ስም የምናውቃት፣ በዘመኗ ሴቶች ይጽፏቸው በነበሩ ቀሽም ልብወለዶች ላይ አንድ የሚያቃጥል ሂስ ጽፋ ነበር። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ዘለፋውን ነው። በውስጡ ግን ሌላ ክስ አለ፦ ሃያስያን ደካማዋን ሴት ደራሲ በጭብጨባ ያሰክራሉ፤ ጎበዟ ስትመጣ ይቀዘቅዛሉ። መናቅና በነጻ ማወደስ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም መጽሐፉን ከምር አላነበቡትም።

እኛስ ጋ? የፍቅር ልብወለዶቻችን ጀርባ ላይ የደራሲው ጓደኞች ውዳሴ ይታተማል፤ ምሁራኑ «ተራ ነገር» ብለው ያልፉታል። በመሀል አንባቢዋ ከኪሷ ከፍላ ዕድሏን ትሞክራለች። የምትፈልገው ደግሞ ብዙ አይደለም፤ አንብቦ እውነቱን የሚነግራት ሰው ነው። የደስታ ፍጻሜ ያለው መጽሐፍም ጥሩና መጥፎ አለው፤ ልዩነቱን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት የሚወዱት ናቸው።

ባለፈው እህቴን ስለ ደብተሩ ጠየቅኳት። «ምን ሊያደርግልህ?» አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ዘገየህ፤ 6» አለችኝ።

ከ10 ነው። ከእሷ 6 ማግኘት ቀላል አይምሰላችሁ።